ጠያቂ ያላቸው ሰዎች ክፍል

አሰብ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1990 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለአይናለም፤ ኮምቦልቻ

ከአሰብ እስከ አዲስ አበባ ባለው መንገድ ላይ እንደኔ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው የለም። ቢኖር ኖሮ ሾፌሮቹ ይነግሩን ነበር። እሺ፣ ፊደል ከቆጠርኩ ገና ስምንት ወር ነው። ይህችንም ገጽ የጀመርኳት ትናንት ነው፤ እስክሪብቶውም የማታ ትምህርት አስተማሪዬ የራዲያ ነው። እጁ ግን የኔ ነው። ስለዚህ ካሁን ወዲያ ለሰው ስታወሪ "ደብዳቤ የሚያጽፈው አጎቴ" አትበይ፤ "የሚጽፈው" በይ።

ሰላምታዬን እንደ ሲሚንቶ ከረጢት አንድ በአንድ ላውርድልሽ። ለአንቺ አንድ፣ ለባለቤትሽ አንድ፣ ለልጆቹ ሦስት ቀለል ቀለል ያሉ፣ ለአማትሽ ለእትዬ አልጋነሽ አንድ ከባድ። ቆጥረሽ ተረከቢ። የጎደለ ካለ ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ ሾፌር፣ ወንዶሰን፣ መንገድ ላይ ቀርጥፎ በልቶት ነው።

አሁን ወደ ጠየቅሽኝ ልምጣ። አዎ፣ እናትሽ ትናገራለች። ግራ ጎኗ እንደሞተ ነው፤ ምላሷም አንዳንድ ቃል ላይ ይያዛል፤ ስድብ ላይ ግን አይያዝም። ትናንት "አንተ ጉረኛ" ስትለኝ አንድ ፊደል አልጎደለም። አይ፣ እሷን ማንሳት አላቃተኝም። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ በወደቡ ላይ የስኳርና የስንዴ ጆንያ ሳወርድ የኖርኩ ሰው የገዛ እህቴ ትከብደኛለች? ሃምሳ ሦስት ኪሎ ናት። ከየት አመጡት ብትይ ከክንዴ ነው። ካፖአችን፣ የጫኞቹ አለቃ የነበረው በኃይሉ ሚዛን ቤቱ በር ላይ አቁሞኝ "ይሄኛው ስንት ነው?" ይለኝ ነበር፤ አንድ ኪሎ አልስትም ነበር። እሺ፣ ሁለት ኪሎ።

የቸገረኝ ሌላ ነው፤ ልጽፈው ሦስት ጊዜ ጀምሬ ተውኩት። እስካሁን እናትሽን እትዬ ጥላነሽን የምታጥባት ጎረቤታችን ከይሪያ ነበረች። እሷና ባሏ ሱቃቸውን ዘግተው ወደ ባቲ ሊመለሱ ነው፤ ዕቃቸው ተጠቅልሏል። ሌላ ሴት ፈልጌ አጣሁ፤ ያናገርኳት ሁሉ ወይ ልትሄድ ነው፣ ወይ የራሷ ታማሚ አለባት። ወንድም ደግሞ እህቱን አያጥብም። እናትሽ "አንተ ከምታጥበኝ ቆሽሼ ልሙት" ብላለች። እኔም ብሆን እጄ አይታዘዘኝም አይናለም፤ ያሳደገችኝ ናት።

ስለዚህ ይዩልኝ ወዳልሽኝ የአረጋውያን ማረፊያ ሄድኩ። ካምፖ ሱዳን ሰፈር ዳር ነው፤ ድሮ የጨው መጋዘን የነበረው ቤት። ኃላፊው አቶ ወልደየሱስ በር ድረስ ወጥተው ተቀበሉኝ። ክፍሉ ስምንት አልጋ፣ አንሶላው ነጭ፣ መስኮቱ ወደ ባሕሩ፣ ጣሪያው ላይ ቬንቲሌተር የሚዞር ነው። ሻይ በቀረፋ አጠጡኝ። አንድ ሽማግሌ "ከዚህ ወዲያ ምን እንፈልጋለን" አሉ፤ ይህንንም ያሉት እኔን ሳይሆን አቶ ወልደየሱስን እያዩ ነው።

ደስ የሚል ነው ብዬ ልጽፍልሽ ነበር። ግን የስንዴ መርከብ ሲገባ ከላይ ያለው ጆንያ ሁልጊዜ ደረቅ ነው። ሻጋታው ከታች ነው። እኔ ደግሞ ከላይ አይቼ የምፈርም ሰው አይደለሁም። ሳይጠብቁኝ እመለሳለሁ።

ለወንዶሰን ምሳ አብይው፤ ካላበላሽው የሚቀጥለውን ደብዳቤ ሚሌ ላይ ይጥለዋል።

አጎትሽ ደስታው፣ በእጁ


ኮምቦልቻ፣ ኅዳር 3 ቀን 1990 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ደስታው

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ደብዳቤዎን የምሠራበት ፋብሪካ በር ላይ ቆሜ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳቅኩ፤ ቤት ገብቼ ሁለተኛ ሳነበው አልሳቅኩም። ጽሕፈትዎ ከኔ ይሻላል።

እማዬን ወደዚህ ስለማምጣት ባለፈው "ሐኪሙ መንገዱን አትችልም ብሏል" ብዬ ልኬልዎት ነበር። እዚህ ያማከርኩት ሐኪም እንዲያ ማለቱ እውነት ነው። ሙሉው ግን አይደለም። ቤታችን በመጋረጃ የተከፈለ አንድ ክፍል ነው። አልጋው ላይ አማቴ እትዬ አልጋነሽ አሉ፤ እኛ ከልጆቹ ጋር መሬት ነን። ባለቤቴን አልጠየቅሁትም፤ የጠየቅሁት እንደሆነ እምቢ እንደማይል ስለማውቅ ነው ያልጠየቅሁት። ይህን ያህል ክፉ ልጅ ሆኛለሁ።

ሲመለሱ የሚያጥቡት ሴቶች መሆናቸውን ይዩልኝ። የተኛ ሰው ያገላብጡ እንደሆነ፣ ጀርባቸው ቆስሎ እንደሆነም ይዩ። በሙቀቱ ሰዓት ሳይጠየቁ ውሃ ይሰጣሉ? እማዬ ውሃ ለምና አትጠጣም፤ እርስዎም ያውቃሉ። አማቴን እንዲህ ነው የማስታምማቸው፤ ከሳቸው ተምሬ ነው የምጠይቅዎ።

ቀልድዎን እወደዋለሁ ጋሼ። ግን ቀልዱ ሲበዛ የደበቁኝ ነገር አለ ማለት ነው፤ እማዬ ነች ይህን ያስተማረችኝ።

ልጅዎ አይናለም


አሰብ፣ ኅዳር 27 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለአይናለም

እናትሽ ብዙ ነገር አስተምራሻለች፤ ይህኛውን ባታስተምርሽ ግን ይሻል ነበር።

ዓርብ በቀትር ሄድኩ። ዘበኛው ኑህ ለጁምዓ ሰላት መስጊድ የሚሄድበትን ሰዓት ጠብቄ በኩሽናው በኩል ገባሁ። አንዲት የዓፋር ሴት፣ ሀዲያ የምትባል አስታማሚ፣ ባልዲ እንደያዘች ተጋጠመችኝ።

"ማነህ አንተ? ሌባ ነህ?"

"የሚሰረቅ ነገር ካሳየሽኝ እሆናለሁ።"

ሳቀች። የሳቀች ሴት በር አትዘጋም። ከሌላዋ አስታማሚ ከወለተጊዮርጊስ ጋር ሁለት ሆነው አስራ ዘጠኝ ሰው ያስታምማሉ፤ ምግቡንም የሚያበስሉት እነሱ ናቸው። ሴቶቹን ሰኞና ሐሙስ በር ዘግተው የሚያጥቡት ራሳቸው ናቸው፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄሽ ተመለሰ። በፊተኛው ክፍል ያገላብጣሉ፤ ያየሁት ጀርባ ደህና ነው። አንዲትን አሮጊት አልጋዋ ሲነጠፍ አንስቼ ያዝኳቸው፤ ሃምሳ ኪሎ ይሆናሉ፤ አጥንታቸው አይወጋም። ውሃ በኩባያ ራስጌያቸው ተቀምጧል። መኮሮኒው ጨው ይበዛዋል፤ ቢሆንም ይበላል።

"ባለፈው ስመጣ ስምንት ሰው ብቻ ነው ያየሁት፤ አስራ አንዱ የታሉ?" አልኳት።

ባልዲዋን አስቀምጣ ወሰደችኝ። ከኩሽናው ጀርባ ሌላ ክፍል አለ፤ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ መስኮቱ አንድ፣ እሱም ወደ ግንቡ። በዚህ በቀዝቃዛው ወራት እንኳ እንደ መርከብ ሆድ ይጋግራል። በግንቦት ምን እንደሚሆን ላስበው አልፈለግሁም። ዝንቡን አልጽፍልሽም።

"እነዚህ ምን አጠፉ?"

"ምንም። ጠያቂ የላቸውም" አለች። "ሕጉ እንዲህ ነው። ጠያቂ ያለው ፊት ይተኛል። ጠያቂው ሲቀር እዚህ ይመጣል። ጠያቂ ካገኘ ደግሞ ይመለሳል። እኔ አላወጣሁትም ወላሂ፤ አቶ ወልደየሱስ ናቸው።"

እዚያ ሣህሉ የሚባል ከባሕር ዳርቻዋ ከጥዖ የመጣ የድሮ መርከበኛ አለ። ላቡ ከፍራሹ ጋር አጣብቆት ነበር፤ ሀዲያ ፍራሹን እስክትገለብጥ አንስቼ ያዝኩት።

"ጫኝ ነህ መሰለኝ፤ አያያዝህ ያስታውቃል። ስንት መዘንኩ?" አለኝ።

"ስልሳ።"

"ውሸታም" አለኝ፤ "ግን ድገመው እስቲ።"

ከነብርድ ልብሱ ሠላሳ ስምንት ነበር።

አሁን በደንብ ስሚኝ፤ እኔም እየጻፍኩ ነው የማስበው። ቤቱ ጥሩ ነው ልልሽ አልችልም፤ መጥፎ ነው ልልሽም አልችልም። በአንድ ጣሪያ ሁለት ቤት ነው። ለሚጠየቅ ሰው ንፋስ አለ፣ ውሃ አለ፣ የምታጥብ ሴት አለች። እኔ ቤት ደግሞ እኔ አለሁ፤ ሌላ ምንም የለም። ከይሪያ ከሄደች ዛሬ አስራ ሁለት ቀን ነው። የእናትሽ ዳሌ ላይ የብር ሳንቲም የሚያህል ቀይ ነገር ወጥቷል፤ ሽታውንም በቀልድ ላልፈው ሞክሬ አልሆነልኝም። በኔ ቤት ከቆየች ትቆስላለች። እዚያ ከገባች ደግሞ ደህና የምትሆነው ጠያቂ እስካላት ድረስ ነው። ጠያቂዋ እኔ ነኝ። ፀሐይ ብትቀር እኔ አልቀርም።

ለእናትሽ ይህንኑ ነገርኳት። "ደከመህ ወይ?" አለችኝ።

"እኔ? ምን ደክሞኝ!"

"ካልደከመህ አትወስደኝም ነበር።"

እሺ በይኝ ወይም እምቢ በይኝ። ግን ወንዶሰን ሲመለስ መልሱን ይዞ ይምጣ፤ ቁስሉ ደብዳቤ አይጠብቅም።

ደስታው


አሰብ፣ ጥር 14 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለአይናለም፣ እንኳን ለጥምቀቱ አደረሰሽ

"እሺ" ብለሽ የጻፍሽበት ወረቀት እርጥብ ነገር ነክቶት ነበር። ወንዶሰን ላብ ነው ይላል፤ እኔም ላብ ነው ብዬ ተቀብዬዋለሁ።

ለጠየቅሽኝ መልሱ ይኸው። አዎ፣ ፊተኛው ክፍል ናት፤ ከመስኮቱ ሦስተኛ አልጋ። አዎ፣ ቀዩ ነገር ጠፍቷል። አዎ፣ ትበላለች፤ ሀዲያ እያጎረሰቻት ነው፤ የኔን ጉርሻ "የጫኝ እጅ" ብላ እምቢ አለችኝ። አይ፣ ስላንቺ ክፉ አልተናገረችም። የልጆቹን ስም በየቀኑ ታስጠራኛለች፤ የትንሹን እኔ ስሳሳት ትቆጣለች። ኪሎዋ ሃምሳ ሦስት። በየእሁዱ እያነሳሁ እመዝናታለሁ፤ ኑህ በር ላይ ሆኖ ይስቅብኛል።

በየቀኑ እሄዳለሁ። ስገባ ድምፄን ከፍ አድርጌ "አሰላሙ አለይኩም የቤቱ ሰዎች!" እላለሁ፤ አቶ ወልደየሱስ ቢሮአቸው ውስጥ ሆነው እንዲሰሙ ነው። ጠያቂ መሆን ብቻ አይበቃም፤ ጠያቂ መሆንሽ መሰማት አለበት።

አንድ ሌላ ነገር አደረግሁ፤ ትስቂያለሽ። ኑህን "እኔ የሣህሉም ጠያቂ ነኝ" አልኩት።

"ምኑ ነህ?"

"የአክስቱ ልጅ።"

"እሱ የጥዖ ሰው፣ አንተ የወሎ ሰው!"

"አክስቱ ብዙ ትጓዝ ነበር።"

መዘገበኝ። በማግስቱ ሣህሉ ፊት ተኛ። ከዚያ ለሁለት አሮጊቶችም ዘመድ ሆንኩ። በአንድ ሳምንት ያፈራሁትን ዘር አብርሃም በዕድሜው አላፈራም። አልጋው ግን ስምንት ነው። ሦስት ሰው ወደፊት ሲመጣ ሦስት ሰው ወደ ኋላ መሄዱን ሀዲያ እስክትነግረኝ አላሰብኩትም። ያን ቀን ቀልድ አልመጣልኝም። መልሼም ዝምድናዬን አልተውኩም።

ራዲያ ሰላም ብላሻለች። ከክፍላችን አንደኛ ነኝ። ስድስት ነን፤ አንዱ አያይም።

ደስታው


ኮምቦልቻ፣ መጋቢት 16 ቀን 1990 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ሁለት ወር ሆነ። ሦስት ደብዳቤ ልኬያለሁ። ወንዶሰን "ደህና ናቸው" ይለኛል፤ ሲለኝ ግን ዓይን ዓይኔን አያየኝም፤ ምሳም አልበላም ብሎ ሄደ። የቀረውን ሁሉ ይተዉት። ስንት ኪሎ ናት?

አይናለም


አሰብ፣ መጋቢት 29 ቀን 1990 ዓ.ም.

አይናለም፣

አርባ አንድ።

ከዚህ በታች ያለውን ወረቀት ባዶ ልተወው አስቤ ነበር። ግን ልጻፈው፤ ሌላ የሚጽፍልሽ የለም።

የካቲት መጀመሪያ ላይ ሣህሉን ከአልጋው ሳነሳ ወገቤ ውስጥ የሆነ ነገር እንደ ገመድ ተበጠሰ። ሠላሳ ስምንት ኪሎ ሰው፣ አይናለም። መቶ ኪሎ የተሸከመ ጀርባ በአንድ ሽማግሌ ተሰበረ። ኑህ በጋሪ ቤቴ አደረሰኝ። ከዚያ አምስት ሳምንት መሬት ላይ በጀርባዬ ተኛሁ፤ ለሽንት እንኳ በጉልበቴ ነበር የምሄደው። ያልጻፍኩልሽ ተኝቶ መጻፍ ስለማይቻል ነው። ውሸት ነው፤ ይቻላል። ወንዶሰንንም እንዳይነግርሽ በእናቱ ስም አስምዬዋለሁና አትቀየሚው። ያልጻፍኩት ስላፈርኩ ነው። "ፀሐይ ብትቀር እኔ አልቀርም" ያልኩት ሰውዬ እኔ ነኝ።

ራዲያ በኔ ፈንታ ሁለት ጊዜ ሄዳለች። "ዘመድ ነሽ?" አሏት። እሷ እንደኔ መዋሸት አትችልም፤ አስተማሪ ናት። መለሷት።

መጋቢት አስር ቀን በዱላ እየተደገፍኩ ሄድኩ። ከመስኮቱ ሦስተኛው አልጋ ላይ ሌላ ሰው ነበር። ለማንም አልጠየቅሁም፤ መንገዱን አውቀዋለሁ። ከቆርቆሮው ሥር፣ ከግንቡ ጥግ አገኘኋት። ከአንድ ወር በላይ እዚያ ነበረች። ዳሌዋ ላይ ያለው ቁስል መዳፌን ያህላል። ውሃው ባልዲ ውስጥ ከበሩ ጋ ነው፤ የሚነሳ ሰው ይጠጣል። እሷ አትነሳም፤ ለምናም አትጠጣም።

"መጣህ?" አለችኝ።

ይኸው ነው ያለችው። አልሰደበችኝም አይናለም። እንደዚያ የፈራሁበት ቀን የለም።

ሣህሉ በየካቲት አጋማሽ አልፏል። ሬሳውን የሚቀበል ዘመድ ተፈልጎ፣ መዝገቡ ላይ ያለው የኔ ስም ብቻ ስለነበር፣ ሳይቀበር ዋለ ብለው ነገሩኝ። ኋላ የሰፈሩ ሰዎች ቀበሩት።

አቶ ወልደየሱስ ቢሮ ገባሁ። ዱላዬን ልወረውርባቸው ነበር፤ ከወረወርኩት ግን እወድቃለሁ። እሳቸውም አልጮሁም። "ይቀመጡ አቶ ደስታው" አሉኝ። "ንፋስ የሚገባበት አልጋ ስምንት ነው። ሰው አስራ ዘጠኝ። ሁለት ሠራተኛ። እርስዎ በኔ ቦታ ቢሆኑ ማንን ያስቀድሙ ነበር? እኔ ጠያቂ ያለውን አስቀደምኩ፤ ጠያቂ ያለው ሰው ሲሞት ለምን ብሎ የሚጮህ አለ። የሌለው ሲሞት የሚጮህ የለም። ይህ ትክክል ነው አላልኩም።"

ዱላዬን ተደግፌ ወጣሁ።

በማግስቱ ወደፊት መለሷት። ቁስሉ ግን አብሯት መጣ። እኔ ከእንግዲህ ላነሳት አልችልም። አርባ አንድ ያልኩሽን የመዘነው ክንዴ አይደለም፤ ሀዲያና ወለተጊዮርጊስ ይዘዋት መድኃኒት ቤቱ ሚዛን ላይ ነው። ጠያቂ ሆኜ በየቀኑ እሄዳለሁ፤ ከቤቴ እዚያ ለመድረስ ሁለት ሰዓት ይፈጅብኛል። አንድ ቀን የቀረሁ እንደሆነ ወዴት እንደምትሄድ ታውቂያለሽ።

ስለ መጋረጃው አውቃለሁ። ስለ አማትሽ አውቃለሁ። ሐኪሙ ያለውንም አልረሳሁም። ያም ሆኖ እለምንሻለሁ፤ ሰው ለምኜ አላውቅም። ባለቤትሽን ጠይቂው። በወንዶሰን መኪና ከሾፌሩ ጀርባ ያለው አልጋ ሰው ያስተኛል። ውሰጃት።

አጎትሽ


አሰብ፣ ግንቦት 6 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለአይናለም

መልስሽ ላይ ያለው ቃል አንድ ብቻ ነበር፤ "ላኩልኝ"። ከዚያ የባለቤትሽ ፊርማ ከሥሩ። እሱ መጻፍ እንደማይወድ አውቃለሁና እጁን ሳሚልኝ።

ይህን ደብዳቤ ስታነቢ እናትሽ ከፊትሽ ናት። ስለ ሰሜኑ የጦርነት ወሬ አልጽፍልሽም፤ እዚያም ሬዲዮ አለ። ከተማው ውስጥ ሰው ሁሉ ዕቃ እየጠቀለለ ነው። ወደቡ ላይ ያልተራገፈ መርከብ ቆሟል፤ ሾፌሮቹም ባዶ ተሳቢ ይዘው እየወጡ ነው። ወንዶሰን ትናንት መጥቶ "ነገ ጠዋት ካልሆነ እኔም አላውቅም" አለኝ። ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ሆነ።

አብሯት የምትመጣው ወለተጊዮርጊስ ናት፤ ዘመዶቿ ደሴ ናቸው። መኪናው ውስጥ ያለው አንድ ትርፍ መቀመጫ ነው። ሁለት ቀን መንገድ ማን ያጥባታል፣ ማን ያጸዳታል? ሴት መሆን ነበረባትና መቀመጫውን ለሷ ሰጠሁ። እኔ በሌላው ሾፌር፣ በጀዕፈር መኪና ረቡዕ እከተላለሁ። መሬት ላይ ለኔም ቦታ አብጂ፤ ብዙ አልፈልግም፤ ቁመቴ ከወሬዬ ያጥራል።

አሁን ይህን ለማንም ሳትሰጪ ራስሽ አንብቢው። ስታነሻት ክንዷን አትሳቢ፤ የግራው ከመገጣጠሚያው ይወጣል። አንድ እጅሽን ከብብቷ ሥር፣ አንዱን ከጉልበቷ ሥር አድርጊ፤ ደረትሽን ከደረቷ አስጠጊና በእግርሽ ተነሺ። በወገብሽ አትነሺ፤ በወገብሽ አትነሺ ብዬሻለሁ። ከሁለት ሰዓት በላይ በአንድ ጎን አትተያት። ቁስሉን ፈልቶ በቀዘቀዘ የጨው ውሃ እጠቢው፤ ሀዲያ ወደ መጥበቡ ነው ትላለች። ምግቡን በቀኝ ጉንጯ በኩል አጉርሻት። ውሃ "ትጠጫለሽ ወይ" ብለሽ አትጠይቂያት፤ ዝም ብለሽ ስጫት።

ከማረፊያው ስናወጣት አቶ ወልደየሱስ አልነበሩም። ማክሰኞ ወጥተዋል፤ ቁልፉን በር ላይ ሰክተውት ነው የሄዱት። ኑህም ወደ ራሔይታ ወደ ልጆቹ ሄዷል። ዘመድ ያላቸው አራት ሰዎች ተወስደዋል። አስራ አራት ቀርተዋል። ሕግ የሚያስከብር ስለሌለ ትናንት ሀዲያና ወለተጊዮርጊስ እየተሸከሙ፣ እኔ መንገድ እየያዝኩ ሁሉንም ወደፊት አመጣናቸው፤ የቆርቆሮውን ክፍልም ዘጋነው። አልጋ አልበቃም፤ ፍራሹን መሬት ላይ አነጣጥፈን ራስጌያቸውን ወደ መስኮቱ አዞርን። አንድ የታወሩ ሽማግሌ ንፋሱ ፊታቸውን ሲነካው "ማን መጣ?" አሉ።

"ጠያቂዎ" አልኳቸው።

"የኔ? ምኔ ነህ?"

ስንት ዝምድና የማውቅ ሰውዬ ውሃ ብቻ አቀበልኳቸው።

እናትሽን አራት የድሮ ጓዶቼ ከነፍራሿ መኪናው ላይ ሰቀሏት። እኔ ከታች ሆኜ ካፖ ነበርኩ፤ "ቀስ! ወደ ቀኝ! እሷ ሲሚንቶ አይደለችም!" እያልኩ። ስትተኛ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረችና አየችኝ።

"አንተስ?"

"ረቡዕ" አልኳት።

"ረቡዕ" አለች። ከዚያ በቀኝ እጇ ጣቶቼን ያዘች፤ ወንዶሰን ሞተሩን እስኪያስነሳ አልለቀቀችም። ጉልበት አላት አይናለም። የአርባ አንድ ኪሎ ሰው እጅ አይደለም።

ለልጆቹ በስማቸው አንድ በአንድ ሰላም በይልኝ። ትንሹን ልሳሳት አልችልም፤ እናትሽ አስጠንታኛለች።

አጎትሽ ደስታው

መኪናው ፊት ለፊት ካለው ማደያ ገና ነዳጅ እየቀዳ ነውና ይህን ልጨምር። ቀዳድጄ እንደገና እንዳልጽፈው ወረቀት የለኝም፤ ሱቁ ሁሉ ተዘግቷል። ከዚህ ደብዳቤ ውስጥ የፈጠርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። ጀዕፈር ከትናንት ወዲያ ወጥቷል። የረቡዕ መኪና የለም፤ ከወንዶሰን በኋላ የሚወጣም የለም። ሀዲያ ብቻዋን አስራ አራት ሰው አታገላብጥም፤ እኔ ማንሳት ባልችል እንኳ ውሃ ማዞር እችላለሁ። ለእናትሽ ይህን አታንብቢላት። ረቡዕ ስትጠይቅሽ የሚመጣው ረቡዕ በያት።